ሞተር ላይ የወጣው ካሜራ፦ ከትርኢት ወደ ምስክርነት

ኃይሌ በርሊን ላይ 2:03:59 የገባበትን ሩጫ ያላየ ሰው እዚህ ገጽ ላይ ያለ አይመስለኝም። ሴፕቴምበር 28 ቀን 2008 ነበር። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ በየመስመሩ እ.ኤ.አ. እያልኩ አላሰለቻችሁም።) ሁላችንም ኃይሌን አይተናል። ኃይሌን ያሳየንን ሰውዬ ግን ማናችንም አላየነውም።

የትልልቅ ማራቶኖች ምስል እኮ በአብዛኛው የሚመጣው ከሞተር ሳይክል ላይ ነው። አንዱ ይነዳል፣ አንዱ ከኋላ ፊቱን ወደ ሯጮቹ አዙሮ ካሜራ ትከሻው ላይ ተሸክሞ ይቀመጣል። ለሁለት ሰዓት ያህል! ምስሉ ከሞተሩ በሬዲዮ ሞገድ ወደ ላይ፣ ወደ ሄሊኮፕተር ወይም አውሮፕላን ይላካል፤ ከዚያ ወደ ምድር ጣቢያ ይወርዳል፤ ከዚያ ነው እኛ ሳሎን የሚገባው። ምስሉ ድንገት ሲቆራረጥና ባለ ቁርጥራጭ ቀለም ሲሆን "ኢቲቪ ደግሞ!" እያልን እንጮህ የለ? ብዙ ጊዜ ሞተሩ ዛፍ ወይም ድልድይ ስር ገብቶ ሞገዱ ተጋርዶበት ነው።

ከሞተር ላይ ቪዲዮ መቅረጽ ዛሬ የልጆች ጨዋታ ይመስላል። ቲክቶክ ሲከፈት የሞተር ቪዲዮ ነው፣ ዩቲዩብ ሲከፈት የሞተር ቪዲዮ ነው። ግን ይህ ነገር ረጅም ታሪክ አለው፤ ታሪኩን ሳገላብጥ ያስገረመኝ ደግሞ ቴክኖሎጂው ሳይሆን ካሜራው የተሰጠው ሥራ መለዋወጡ ነው። መጀመሪያ ሞተር ላይ የወጣው ፍጥነትን ለማሳየት ነው፣ ለትርኢት። ምስሉ እየጠራ ሲመጣ ግን ማንም ሳያቅደው ምስክር ሆነ። ምስክር ደግሞ ታውቃላችሁ፣ ለጠራው ሰው ብቻ አይናገርም።

እስቲ ከመነሻው እንጀምር።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ ተዋጊ አውሮፕላኖች ላይ መትረየሱ ሲተኮስ አብሮ የሚቀርጽ ትንሽ የ16 ሚሊሜትር ፊልም ካሜራ ይገጠም ነበር። ዓላማው ፓይለቱ "መታሁ" ሲል በእርግጥ መምታቱን ለማየት ነው። (ልብ በሉ፣ ትንሿ ካሜራ ገና ስትወለድም ለማስረጃ ነበር።) ጦርነቱ ሲያልቅ እነዚህ ካሜራዎች በርካሽ ገበያ ላይ ወጡ፤ ፊልም ሠሪዎችም ትልቅ ካሜራ የማይገባበት ቦታ፣ መኪና ላይ፣ የበረዶ መንሸራተቻ ላይ፣ ሰው ራስ ላይ ያስሯቸው ጀመር። ችግሩ የሚይዙት ፊልም 50 ጫማ ብቻ መሆኑ ነው። 50 ጫማ ፊልም በሰከንድ 24 ፍሬም ሲሄድ 1 ደቂቃ ከ23 ሰከንድ አካባቢ ነው። አለቀ። ወርደህ ፊልም ትቀይራለህ።

የሞተር ፊልሞች ሁሉ አባት የሚባለው "ኦን ኤኒ ሰንደይ" ነው፤ በ1971 የወጣ ዘጋቢ ፊልም። የሠራው ብሩስ ብራውን ይባላል። ከዚያ በፊት "ዘ ኤንድለስ ሰመር" በሚለው የባሕር ሞገድ ጋላቢዎች ፊልሙ የታወቀ ነው። ገንዘብ ካወጡለት ሰዎች አንዱ ራሱ ሞተር አበድ የነበረው ተዋናዩ ስቲቭ ማክዊን ነው፤ ፊልሙ ውስጥም ሞተር ሲነዳ ይታያል። ለኦስካር እስከ መታጨት ደርሷል።

ብራውን ነጂዎቹ ሄልሜት ላይ ካሜራ አሰረ። ያኔ ካሜራ ማለት የብረት ሳጥን ነው፣ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ራስህ ላይ ድንጋይ ታስሮ በአሸዋ ኮረብታ ላይ ዝለል እንደማለት ነው። ከሁሉ የወደድኩለት ግን ሌላ ዘዴው ነው። ሞተሩ በዝግታ ሲዘል የሚያሳይ ምስል ፈለገ፤ ለዚያ የሚሆን ፈጣን ካሜራ ደግሞ ውድ ነው፣ በጀት የለም። ምን አደረገ? በ12 ቮልት ለሚሠራው ካሜራ የ24 ቮልት ባትሪ ሰጠው! የካሜራው ውስጥ ሞተር አበደ፣ ፊልሙን ከልኩ በላይ ሳበው፣ በሰከንድ የሚያነሳው ፍሬም በዛ። ያ ፊልም በተለመደው ፍጥነት ሲታይ ነገሩ ሁሉ ዝግ ብሎ ይንሳፈፋል። እኛ ሰፈር ራዲዮ የሚጠግኑ ሰዎች የሚያስቡትን ዓይነት ሐሳብ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ድምፅ አንድ ነገር ልበል፤ ወደፊት ስለሚያስፈልገን። በዚያ ዘመን ራስ ላይ የታሰረ ካሜራ ድምፅ አይቀዳም። ድምፁ ቆይቶ ስቱዲዮ ውስጥ ይገባል። ለዚህ የሚታወቀው ምሳሌ በሞተር ሳይሆን በመኪና የተሠራው የፈረንሳዩ ክሎድ ሌሉሽ የ1976 አጭር ፊልም ነው። ሰውዬው በነሐሴ ወር ማለዳ፣ መንገድ ሳያዘጋ፣ መኪናው አፍንጫ ላይ ካሜራ አስሮ ፓሪስን ከዳር እስከ ሳክሬ ኬር ቤተ ክርስቲያን ቀይ መብራት እየጣሰ አቋረጣት። 8 ደቂቃ ገደማ፣ ያለ ምንም ቁርጥ። ድምፁን የሰማ ሁሉ "ይሄ ፌራሪ ነው" አለ። መኪናው ግን መርሴዲስ ነበር። የፌራሪውን ድምፅ በኋላ ነው የለጠፈው። ምስሉ እውነት፣ ድምፁ ውሸት። ለትርኢት ምንም አይደለም፣ ማን ይጠይቀዋል?

ቴሌቪዥን በቀጥታ ስርጭት ተወዳዳሪ መኪና ውስጥ ካሜራ ያስገባው በ1979 አውስትራሊያ፣ ባተርስት ላይ ነው። የሲድኒው ቻናል 7 ሠራው፤ ምስሉ በሄሊኮፕተር በኩል ነበር የሚተላለፈው። ወደ ሞተር ለማምጣት ግን ሌላ ጣጣ አለ። መኪና ላይ 10 ኪሎ ብትጨምር አሽከርካሪው ላያውቀው ይችላል። ሞተር ላይ 10 ኪሎ ብትጨምር፣ ያውም ከፍ ባለ ቦታ፣ መታጠፊያ ላይ ነጂውን ይጥለዋል። ስለዚህ የሞተር ካሜራ ታሪክ በአንድ በኩል የክብደት መቀነስ ታሪክ ነው።

በ1980ዎቹ የአይል ኦፍ ማን ደሴት ላይ ጆይ ደንሎፕ የተባለው የሰሜን አየርላንድ ሰው ሆንዳው ላይ ካሜራ ተገጥሞለት አንድ ሙሉ ዙር ሲነዳ የሚያሳይ ፊልም ወጣ። ዙሩ 60.7 ኪሎ ሜትር ነው። የመወዳደሪያ ሜዳ እንዳይመስላችሁ፤ ተራ የመኪና መንገድ ነው፣ ግራና ቀኙ የድንጋይ አጥር፣ የሰው ቤት በር፣ የስልክ እንጨት። እሱ በ20 ደቂቃ ገደማ ይጨርሰዋል። ያንን ምስል አንዴ ያየ ሰው የሞተር ውድድርን ዳግም ከዳር ቆሞ እንዳየው አያየውም። ደንሎፕ በዚያ ደሴት ውድድር 26 ጊዜ አሸንፎ በ2000 ኢስቶኒያ ውስጥ በውድድር ላይ እያለ ሞተ።

እሺ፣ አሁን ወደ መንቀጥቀጡ እንግባ። እዚህ ጋ የፊዚክስ መምህሩን ጓደኛዬን አስቸግሬያለሁ፤ እኔ የታሪክ ሰው ነኝ።

አንድ ተራ 150 ሲሲ ሞተር በደቂቃ 6000 ጊዜ ይዞራል እንበል። በሰከንድ 100 ጊዜ ማለት ነው። ካሜራው በሰከንድ 30 ምስል ካነሳ፣ አንድ ምስል ተነስቶ ሌላው እስኪነሳ ሞተሩ ከ3 ጊዜ በላይ ይዞራል፤ እየዞረም ካሜራውን ያንቀጠቅጣል። የድሮው የቴፕ ካሜራ ለዚህ አልተፈጠረም። ቴፑን የሚያነበውና የሚጽፈው ጭንቅላት ራሱ የሚሽከረከር ነው፤ ሲንቀጠቀጥ ምስሉ ይበላሻል። ሃርድ ዲስክ ያላቸው ካሜራዎች መጡ፣ እነሱማ ባሰባቸው። ሞተረኛውን ነፃ ያወጣው ምንም የሚሽከረከር ነገር የሌለው ሚሞሪ ካርድ ነው። በ2006 እስከ 32 ጊጋ የሚይዘው ዓይነት ካርድ ወጣ።

ለምን ካርዱ ወሳኝ ሆነ? ሒሳቡን እንሥራ። ሙሉ ኤችዲ የሚባለው ምስል 1920 በ1080 ነጥብ ነው፣ ማለትም 2,073,600 ነጥብ። እያንዳንዱ ነጥብ ሳይታመቅ 3 ባይት ቢወስድ፣ በሰከንድ 30 ምስል ሲባዛ 187 ሜጋባይት አካባቢ ይመጣል። በአንድ ሰከንድ! የዚያን ጊዜ ካርድ በዚህ ፍጥነት መጻፍ አይደለም ማሰብም አይችልም። ስለዚህ ካሜራው ምስሉን እዚያው ያመቀዋል። በሰከንድ 15 ሜጋቢት ሲደርስ አንድ ደቂቃ 112 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል፤ 32 ጊጋ ላይ ከ4 ሰዓት ተኩል በላይ ይገባል። ከ1 ደቂቃ ከ23 ሰከንድ ተነስተን የት እንደደረስን አያችሁ?

ሌላ ጉድም አለ። አብዛኛው ዘመናዊ ካሜራ ምስሉን አንዴ አያነሳውም፤ መጽሐፍ እንደምናነብ ከላይ ወደ ታች መስመር በመስመር ነው የሚያነበው። እያነበበ ሳለ ሞተሩ ካንቀጠቀጠው የላይኛው መስመርና የታችኛው መስመር አንድ ቦታ ላይ አይገጥሙም። ቀጥ ያለው የመብራት ምሰሶ ውሃ ውስጥ እንዳለ ጥላ ይወላገዳል። ያያችሁት ይመስለኛል፣ በተለይ መሪው ላይ በታሰረ ስልክ የተቀረጸ ቪዲዮ ላይ። ለዚህ ነው ልምድ ያላቸው ሞተረኞች ካሜራውን መሪው ላይ ሳይሆን ደረታቸው ወይም ሄልሜታቸው ላይ የሚያስሩት። የሰው ሥጋና አንገት ከየትኛውም ላስቲክ የተሻለ መንቀጥቀጥ ያበርዳል።

ስልካችሁን ሞተር ላይ የምታስሩ ደግሞ ይህችን ስሙኝ። በሴፕቴምበር 2021 አፕል ራሱ፣ ኃይለኛ የሞተር ሳይክል መንቀጥቀጥ የአይፎንን ካሜራ ሊጎዳ ይችላል ብሎ ማሳሰቢያ አወጣ። ምክንያቱ ምስል እንዳይንቀጠቀጥ ተብሎ ሌንሱን የሚያንሳፍፈው ጥቃቅን መሣሪያ ነው። ማለትም መንቀጥቀጥን የሚያጠፋው ክፍል በመንቀጥቀጥ ይሞታል። አቅማቸው ዝቅ ያለ ስኩተሮች ላይ ቢያንስ መንቀጥቀጥ የሚያበርድ ማሰሪያ ይኑር ይላል።

ወደ ታሪኩ ልመለስ። ኒክ ዉድማን የሚባል የካሊፎርኒያ ልጅ ነበር፣ የባሕር ሞገድ ጋላቢ። የመጀመሪያ የኢንተርኔት ድርጅቱ ከስሯል። በ2002 ሞገድ ለመጋለብ ወደ አውስትራሊያና ኢንዶኔዥያ ሄዶ ሳለ ራሱን እየጋለበ ፎቶ ማንሳት ፈለገና እጅ ላይ የሚታሰር ነገር አሰበ። ጎፕሮ የተጀመረው እንዲህ ነው። በ2004 ለገበያ ያቀረበው የመጀመሪያው ካሜራ ቪዲዮ አይቀርጽም፤ እንዲያውም ዲጂታልም አይደለም፣ የ35 ሚሊሜትር ፊልም የሚጎርስ ተራ ካሜራ ነበር! በ2006 የመጣው ዲጂታሉ የሚቀርጸው 10 ሰከንድ ብቻ ነው። 10 ሰከንድ ለሞተረኛ ምን ታደርጋለች? አንድ መታጠፊያ አትሞላም።

በእነዚህ ዓመታት ሞተር ላይ የረጅም ጉዞ ፊልም መሥራት የሚችለው ገንዘብና ባለሙያ ያለው ብቻ ነው። በ2007 ተዋናዩ ኢዋን ማክግሬገርና ጓደኛው ቻርሊ ቡርማን ከስኮትላንድ ጫፍ እስከ ኬፕታውን በቢኤምደብሊው ሞተር ሲነዱ በሱዳን በኩል አልፈው እኛ አገር ገቡ፤ ወደ ኬንያም ከእኛ አልፈው ነው የወጡት። "ሎንግ ዌይ ዳውን" ይባላል ተከታታዩ። መኪናዎች ይከተሏቸው ነበር፣ አብሯቸው የሚነዳ ካሜራማን ነበር። እነሱ ባለፉበት መንገድ ዳር ቆመው እጃቸውን ያውለበለቡ ልጆች ዛሬ 25 ዓመት ገደማ ሆኗቸዋል፤ ከመካከላቸው ዛሬ ሞተር የሚነዳና ጉዞውን በስልኩ የሚቀርጽ አይጠፋም።

ይህን ልዩነት ያጠበበው በ2009 መጨረሻ የወጣው ኤችዲ ሂሮ ነው። ሙሉ ኤችዲ ይቀርጻል፣ እስከ 170 ዲግሪ ስፋት ያያል፣ መዳፍ ውስጥ ይገባል። ዋጋው 300 ዶላር አካባቢ ነበር። ለሞተርና ለመኪና ስፖርት ተብሎ የራሱ ማሰሪያ ያለው እሽግም አብሮ ወጣ። የስቱዲዮ ሥራ የነበረው ነገር የአንድ ሰው ኪስ ውስጥ ገባ። ከዚያ በኋላ ያለው መሻሻል ብዙ ነው፤ በ2018 ሂሮ 7 ላይ የመጣው ምስል ማረጋጊያ ያንን የመሪ መንቀጥቀጥ በብዛት አጠፋው። እሱን ዘርዝሬ አላደክማችሁም፣ ሻጮቹ ይንገሯችሁ።

እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነገር ነው። የድሮው የአውሮፓ ተራ ቴሌቪዥን ምስል 720 በ576 ነጥብ ነበር። ሙሉ ኤችዲ የዚያ 5 እጥፍ ነው፣ ልክ 5 እጥፍ። ይህ ማለት የመኪና ታርጋ ይነበባል። የሰው ፊት ይለያል። አንዳንዴ የሞተሩ የራሱ የፍጥነት መቁጠሪያም ይነበባል። ያን ቀን ካሜራው ትርኢት መሆኑን አቆመ።

ማርች 2010፣ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ግዛት። አንድ ወጣት ሄልሜቱ ላይ ካሜራ አስሮ በኢንተርስቴት 95 አውራ ጎዳና ይነዳል። በጣም ይፈጥናል፣ በአንድ ጎማም ይነዳል። ከመንገዱ ወጥቶ ሲቆም አንድ ምልክት የሌለው መኪና ፊቱ ላይ ይቆማል፤ ሲቪል የለበሰ ሰው ሽጉጥ ይዞ ይወርዳል። ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ነው ፖሊስ መሆኑን የተናገረው። ያቺን ጥቂት ሰከንድ አስቡት እስቲ። ልጁ የፍጥነት ቅጣቱን ተቀብሎ ሄደ። በኋላ ግን ቪዲዮውን ዩቲዩብ ላይ ጫነው።

በሚያዝያ ፖሊስ ቤታቸውን በረበረ፣ ኮምፒውተሮችን ወሰደ፣ ልጁም ታሰረ። ክሱ ምን መሰላችሁ? ፍጥነት አይደለም። ሰው ሳይፈቅድ ድምፁን መቅዳት! የግዛቱ የስልክ ጠለፋ ሕግ በግል ንግግር ላይ ያሉ ሰዎች ሁሉ ካልፈቀዱ መቅዳትን ይከለክላል። ሁሉም ክስ ተደምሮ እስከ 16 ዓመት የሚያስቀጣ ነበር። ምስሉን ማንም አልከሰሰውም፤ ድምፁ ነው የተከሰሰው። ሌሉሽ የሌላ መኪና ድምፅ ለጥፎ ተጨበጨበለት፣ ይሄ እውነተኛውን ድምፅ ቀድቶ ወህኒ ሊወርድ ነው።

ሴፕቴምበር 27 ቀን 2010 ዳኛ ኤሞሪ ፕሊት የቀረጻውን ክስ ውድቅ አደረጉት። ሐሳባቸው በአጭሩ ይህ ነው፦ በሕዝብ መንገድ ላይ፣ ሥራውን እየሠራ ያለ ፖሊስ የሚናገረው ነገር የግል ንግግር አይደለም፤ የመንግሥት ሥልጣን የተሰጠው ሰው በመጨረሻ ተጠያቂነቱ ለሕዝብ ነው፣ ሌሎችም አያዩኝም ብሎ መጠበቅ የለበትም። የትራፊክ ክሱን ግን አልሰረዙለትም። ይህንን ወድጄዋለሁ። አንዷ ካሜራ ፖሊሱንም ልጁንም እኩል አሳየች።

ከ3 ዓመት በኋላ፣ ሴፕቴምበር 29 ቀን 2013፣ ኒውዮርክ። እጅግ ብዙ ሞተረኞች በአንድነት ሲነዱ አንዱ ፊት ለፊት ፍጥነቱን ይቀንስና ከኋላው ካለ ሬንጅ ሮቨር ጋር ይነካካል። መኪናው ውስጥ አባት፣ እናትና የ2 ዓመት ልጃቸው አሉ። ሞተረኞቹ ከበቡ። አባትየው ፈርቶ ነዳ፤ አንድ ሞተረኛ ላይ ወጣበት፣ ያ ሰው ሽባ ሆኖ ቀረ። ከዚያ ማሳደድ ሆነ። መጨረሻው አንዱ በሄልሜት የመኪናውን መስኮት ሰበረ፣ አባትየውን አውርደው ደበደቡት። ይህን ማሳደድ እስከ መስኮቱ ድረስ የቀረጸው ከሞተረኞቹ የአንዱ የራሱ የሄልሜት ካሜራ ነው! ዓቃቤ ሕግ ብዙዎቹን ከሰሰ። ከሞተረኞቹ መካከል ሲቪል ለብሶ የነበረ የከተማው መርማሪ ፖሊስ ተገኘ፤ እሱም በ2015 ሁለት ዓመት ተፈረደበት።

ስለ እኛም ትንሽ ልበል። አዲስ አበባ በጁላይ 2019 ያለ ልዩ ፈቃድ ሞተር መንዳትን ስትከለክል የተሰጠው ምክንያት በሞተር የሚፈጸም ወንጀል ነበር። የወንጀሉን መኖር አልክድም፤ ቦርሳ የተነጠቀ ሰው ሁላችንም ዘንድ አለ። ግን በሞተር ዳቦ የሚያበሉ ልጆችም ነበሩ፣ አንዱን ከሌላው የሚለይ ግን አልነበረም።

ከእኔ ክፍል ወጥቶ ዛሬ ክፍለ ሀገር ሞተር ነድቶ እናቱንና ሁለት እህቶቹን የሚያስተዳድር ልጅ አለ። ባለፈው ክረምት አንድ ፒክአፕ ፍሬቻ ሳያሳይ ታጠፈበትና እግሩ ተሰበረ። ሰው ተሰበሰበ። ሁሉም በአንድ ድምፅ "ሞተረኛ እኮ ነው፣ ሲበር ነበር" አለ፤ ያየ ግን አንድም አልነበረም፣ ሁሉም የመጣው ድምፁን ሰምቶ ነው። ልጁ ሲድን ደውሎ የጠየቀኝ ጥያቄ ነው ይህን ሁሉ ያስነበበኝ፦ "ቲቸር፣ ለሞተር የሚሆን ካሜራ የትኛው ነው?" ዋጋውን ስነግረው ዝም አለ። ከዚያ "በስልኬስ?" አለኝ።

በስልክ ይቻላል ወንድሜ፣ ግን እጅህ ላይ አይሁን። ግራ እጅ ፍሪሲዮን አለው፣ ቀኝ እጅ ነዳጅና የፊት ፍሬን አለው፣ ሦስተኛ እጅ የለህም። እያሽከረከሩ ስልክ መያዝ በሕግም ያስቀጣል። የደረት ማሰሪያ ልብስ ሰፊ ጋ አሰፋ፣ ላስቲኩ ሰፊ ይሁን። ከመነሳትህ በፊት አብራው፣ እስክትደርስ አትንካው። በቀጭን ገመድም ከልብስህ ጋ እሰረው፤ ማሰሪያው ቢለቅ ስልክህ ከኋላህ ላለው መኪና ጎማ ነው የሚደርሰው። ድምፅ ከፈለግክ ነፋሱ ይበላዋል፤ ማይኩን ጃኬትህ ውስጥ አድርገው። ከሁሉም በላይ ደግሞ የምትቀርጸው የሌላውን ጥፋት ብቻ እንዳይመስልህ፤ ስትፈጥን ፈጥነህ ነው የምትታየው።

ይህን ስለው አንድ የእንግሊዝ ቪዲዮ ነበር በሐሳቤ ውስጥ። ለእሱ አልነገርኩትም፣ ለእናንተ ልንገራችሁ።

ጁን 2013፣ ኖርፎክ የሚባል አውራጃ፣ ኤ47 የተባለ መንገድ። የ38 ዓመት ሰው በሞተሩ ይሄዳል። ሄልሜቱ ላይ ካሜራ አለ። ቀኑ ብሩህ ነው፣ ምስሉም ጥርት ያለ ኤችዲ ነው። የመንገዱ ወሰን በሰዓት 60 ማይል ነበር፣ ሰውዬው 97 ማይል ላይ ነው፣ 156 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ከፊት የሚመጣ አንድ መኪና የእሱን መስመር አቋርጦ ታጠፈ። ካሜራው እስከ ግጭቱ ድረስ ቀርጿል። ሰውዬው እዚያው ሞተ።

የመኪናው አሽከርካሪ ሞተሩን ፈጽሞ አላየሁትም አለ። ቪዲዮው ግን መንገዱ ግልጽ እንደነበር ያሳያል። በግድየለሽ አሽከርካሪነት ሰው በመግደል ጥፋተኛ ተባለ፤ የማኅበረሰብ አገልግሎት ቅጣትም ተወሰነበት። ጉዳዩ እዚህ ላይ ሊዘጋ ይችል ነበር። ፖሊስ ግን ቪዲዮውን ለሕዝብ ማሳየት ፈለገና ወደ ሟቹ እናት ሄደ።

አስቡት እንግዲህ። ልጃቸውን የገደለው ሰው ጥፋተኛ መባሉን ይዘው፣ ልጃቸውን ንጹሕ አድርገው መኖር ይችሉ ነበር። ቪዲዮው ሲወጣ ዓለም ሁሉ የልጃቸውንም ፍጥነት ያያል፣ "የራሱ ጥፋት ነው" የሚልም ይመጣል። ይህን እያወቁ ፈቀዱ። ካሜራ ፊት ቀርበውም ልጃቸው የዚያን ቀን በፍጥነት ይነዳ እንደነበር በራሳቸው አፍ ተናገሩ፤ ፍጥነት ይወድ ነበር፣ ሕይወትንም ይወድ ነበር አሉ። ሌላ እናት እንዳያለቅስ ነው የፈቀድኩት አሉ። የኖርፎክ ፖሊስ ቪዲዮውን በሴፕቴምበር 2014 ለቀቀው፤ በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው አየው።

እኔ አንዴ አይቼዋለሁ። ከግጭቱ በፊት ያለው ጉዞ ያምራል፤ አረንጓዴ ሜዳ፣ ጠራ ያለ ሰማይ፣ ባዶ ማለት የሚቻል መንገድ።